የሚኒሶታ ሰመር ከቤተሰብ ጋር፦ ከሜይ እስከ ሌበር ደይ ለበዓል እንዴት እንውጣ?

ሚኒሶታ ላይ በረዶው ቀልጦ ሜይ ሲገባ አገሩ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። ከዚያ ጀምሮ እስከ ሌበር ደይ፣ ማለትም በሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከሚውለው የሠራተኞች ቀን ድረስ ሰልፍ፣ ሙዚቃ፣ የሐይቅ ዳር ውድድር ወይም የገበሬ ትርኢት የሌለበት ሰንበት አይገኝም። አብዛኛው ቤተሰብ ደስታውን የሚያጣው ሳይዘጋጅ ስለሚወጣ ነው። ፓርኪንግ ሞልቶ ይመለሳል፣ ልጅ በፀሐይ ይዝላል፣ ጾም መሆኑ ትዝ የሚለው ወረፋ ከተያዘ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ መነሻውን ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አድርጎ፣ ልጆችና አዛውንት ላሉበት ቤት የተጻፈ ነው።

“ሰመር” ያልነው አውቀን ነው። አገር ቤት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ናቸው፤ እዚህ ክረምት ሲባል ደግሞ በረዶ ነው። ለጉብኝት የመጡ እናት “በክረምት እንወጣለን” ሲባሉ የትኛው እንደሆነ አይገባቸውም። ወራቱንም በፈረንጅ ስማቸው እንጠራቸዋለን፣ የበዓሎቹ ማስታወቂያ የሚወጣው በዚያ ነውና።

አንደኛ፦ ሁለቱን አቆጣጠር አንድ ወረቀት ላይ አምጡ

ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ወረቀት ውሰዱና ከሜይ መጀመሪያ እስከ ሌበር ደይ ያሉትን ቅዳሜና እሑዶች ብቻ ጻፉ። ቢበዛ አሥራ ዘጠኝ ሰንበት ነው። ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ነገር ሙሉ፦ በዓሉ፣ ጾሙ፣ የሥራ ፈረቃችሁ (ሽፍት)። ሦስቱ አንድ ላይ ካልታዩ ዕቅዱ ዋጋ የለውም። የቅዳሜ ሌሊት ሽፍት ያለበት አባት እሑድ ጠዋት በሰሜን ወዳለችው ዱሉዝ ከተማ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ እንዲነዳ ማድረግ አደጋ ነው።

የበዓሎቹ ቀን በየዓመቱ ቢንቀሳቀስም አብዛኞቹ የታወቀ ሕግ አላቸው። የሚኒያፖሊስ ሜይ ዴይ በሜይ የመጀመሪያው እሑድ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስ ሠዓሊዎች የሥራ ክፍላቸውን ለሕዝብ የሚከፍቱበት አርት ኤ ዊርል በሜይ ሦስተኛው ሰንበት ላይ ይውላል። የዋልአይ ዓሣ ማጥመድ የሚፈቀደው ከሜሞሪያል ደይ (የሜይ የመጨረሻው ሰኞ) በፊት ካለው ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ባለው ቅዳሜ ነው። ስቴት ፌር፣ ማለትም የስቴቱ ትልቁ ዓመታዊ ትርኢት፣ ደግሞ በሌበር ደይ የሚያልቁ 12 ቀናት ናቸው። ሌበር ደይ የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ስለሆነ በ2026 ሴፕቴምበር 7 ይውላል፤ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ፌሩ ሐሙስ ኦገስት 27 ይከፈታል።

አሁን ጾሙን አስገቡ። የሐዋርያት ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ይገባል፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ማለትም ጁላይ 12፣ ይፈታል። ፋሲካ በቀደመ ቁጥር ጾሙ ይረዝማል። በ2026 ፋሲካ ኤፕሪል 12 ስለሚውል ጾሙ ጁን 1 ይገባል፤ የጁን በዓላት በሙሉ የጾም ምግብ ተይዞ የሚኬድባቸው ናቸው ማለት ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጅ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ ብዙ የካውንቲ ትርኢቶች እዚህ መሐል ይወድቃሉ። ስቴት ፌር ግን እጅግ ቢቀድም የሚከፈተው ኦገስት 21 ስለሆነ ከዚያች አንድ ቀን በቀር ፍልሰታ አይነካውም። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ይቀራሉ፤ ቀኑን ስትመርጡ እነሱን መዝለል ቀላል ነው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ግን በየዓመቱ ሰው የሚያስቀር ነገር አለች፤ ሰዓት። በራሪ ወረቀቱ ላይ 7 የሚለው ጠዋት ከሆነ ለእኛ አንድ ሰዓት ነው። ለአያት በስልክ ስትነግሩ “በእኛ አንድ ሰዓት፣ በፈረንጅ ሰባት” ብላችሁ ሁለቱንም ተናገሩ። አንዱን ብቻ የሰማ ሰው ስድስት ሰዓት ይስታል።

ሁለተኛ፦ ምረጡ፣ ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ

ልጅ ላለው ቤት የሚሠራው ስሌት በወር አንድ ሩቅና ሁለት ቅርብ ነው። የቀረው ሰንበት ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግ፣ ለልቅሶና ለእንቅልፍ ይተርፋል። ሠርጉም ሰመር ላይ ስለሚደረደር ወረቀቱ ከምታስቡት በላይ በፍጥነት ይሞላል።

ሜይ ለማሟሟቂያ ጥሩ ወር ነው። ሜይ ዴይ ከ1975 ጀምሮ በፓውደርሆርን ፓርክ አካባቢ የሚከበር፣ ግዙፍ አሻንጉሊቶችና ጭምብሎች የሚታዩበት የሰፈር በዓል ነው። ክፍያ የለውም። አየሩ ግን አይታመንም፣ ፀሐይ ወጥቶ እያለ እጅ የሚያደነዝዝ ነፋስ ይነሣል። ለልጆች ከሹራብ በላይ ንፋስ የሚመክት ጃኬት ያዙ።

በዚያው ወር ለቤተሰብ ምርጡ ዓሣ ማጥመድ ነው። ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ የሚኒሶታ ነዋሪ ልጅ ፈቃድ አያስፈልገውም። በእናቶች ቀን ሰንበት የሚኒሶታ እናቶች ያለ ፈቃድ ያጠምዳሉ። በጁን ደግሞ ከ15 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ይዞ የሚወጣ ትልቅ ሰው ከዓርብ እስከ እሑድ ሦስት ቀን በነፃ የሚያጠምድበት ሰንበት አለ። ጀልባ አያስፈልግም፣ በከተማው ውስጥ ባሉ ሐይቆች ላይ ለሕዝብ የተሠሩ የማጥመጃ መድረኮች ሞልተዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያጠምድ ልጅ ዋልአይን ተዉትና ሳንፊሽ ይሞክር፤ ዳር ላይ ይገኛል፣ ቶሎ ይነክሳል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁጥር 8 መንጠቆ እሰሩ። ከመንጠቆው በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ ቀይና ነጭ ተንሳፋፊውን አያይዙ። የመሬት ትሉን ሙሉውን አትጠቀሙ፣ የጣት ጥፍር የምታክል ቁራጭ ቆርጣችሁ የመንጠቆው ጫፍ እስኪሸፈን ሰክታችሁ አስገቡ። ትሉ ተንጠልጥሎ ከተረፈ ዓሣው የተረፈውን በልቶ ይሄዳል፤ አፉ ትንሽ ስለሆነም ትልቅ መንጠቆ አይውጥም። ልጆች የሚሳሳቱት ተንሳፋፊው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ስለሚጎትቱ ነው። ያኔ ዓሣው ገና እየቀመሰ ነው። ተንሳፋፊው ወደ ጎን ሲሸሽ ወይም ጠልቆ ሲጠፋ ዘንጉን ቀስ አድርጎ ማንሣት በቂ ነው። የተረፈውን ትል ሐይቁ ውስጥም ሆነ ሣር ላይ እንዳትደፉት፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉት። በዚህ ምድር የመሬት ትል ከውጭ የመጣ ሲሆን የጫካውን አፈር ይጎዳል።

የጁን ሁለተኛው ቅዳሜ በስቴቱ ፓርኮች መግቢያ ነፃ የሚሆንበት ቀን ነው። በሌላው ቀን የመኪና ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል፤ ክፍያው በመኪና እንጂ በሰው ስላልሆነ ሰባት ሰው የያዘ ቫን ይጠቅማል። በሰመር ከአምስት ጊዜ በላይ የምትገቡ ከሆነ የዓመቱን ፈቃድ ግዙ።

ከፓርኮቹ ሁሉ አንድ ጊዜ መታየት ያለበት ኢታስካ ነው፤ በ1891 የተመሠረተው የስቴቱ የመጀመሪያ ፓርክ። ከመንትዮቹ ከተሞች፣ ከሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ አራት ሰዓት ያህል ይነዳል። ሚሲሲፒ ወንዝ ከሐይቁ የሚወጣው እዚህ ነው፣ ስፋቱም ልጅ ድንጋይ ለድንጋይ ተራምዶ የሚሻገረው ያህል ነው። ግሽ ዓባይን ያዩ አባት ካሉ ይዛችኋቸው ሂዱ፣ የትልቅ ወንዝ ምንጭ ምን ያህል ትንሽ እንደሚሆን ከማንም በላይ የሚረዱት እሳቸው ናቸው። ድንጋዮቹ ግን አረንጓዴ አልጌ ስላለባቸው ክፉኛ ያንሸራትታሉ። በነጠላ ጫማ አትሻገሩ፤ ሶሉ የሚይዝ፣ ቢረጥብ የማያሳዝን ስኒከር አድርጉ። ድንጋይ ከመርገጥ ውሃ ውስጥ እየተራመዱ መሻገር ይሻላል።

በጁን ከሩቆቹ ሁሉ ዱሉዝን እናስቀድማለን። ከ1977 ጀምሮ የሚካሄደው ግራንድማስ ማራቶን ከቱ ሃርበርስ አካባቢ ተነሥቶ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር እየወረደ ካናል ፓርክ ላይ ይጠናቀቃል። ኢትዮጵያውያን ሯጮችም ሲሮጡበት የኖረ ውድድር ነው፤ ባንዲራ ይዛችሁ ብትሄዱ የሚያየው አይጠፋም። ሩጫው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ በዋዜማው ዓርብ ለልጆች አጫጭር ሩጫዎች አሉ። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። የመጀመሪያው ማደሪያ ነው። ሆቴሉ ወራት ቀድሞ ስለሚሞላ ወይ ክረምቱ ሳይወጣ መያዝ፣ ወይም 155 ማይሉን በሌሊት ነድቶ ገብቶ ማታ መመለስ ነው፤ ለዚህ ሁለት ሹፌር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ብርድ ነው። ሚኒያፖሊስ በሙቀት ሲቃጠል ሐይቁ ዳር ጭጋግ ወርዶ ጃኬት ሊያስፈልግ ይችላል፣ ምክንያቱም ሱፒሪየር ጁን ላይ ገና ከበረዶ የወጣ ውሃ ነው። ለአያት ጋቢ ያዙ። ከሩጫው በኋላ በቦዩ አጠገብ ቆማችሁ መርከብ ጠብቁ። መርከቧ ጡሩንባ ትነፋለች፣ ድልድዩም በራሱ ጡሩንባ መልሶ ወለሉን እንዳለ ወደ ላይ ያነሣላታል። ሕፃናት ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በፓርክ ፖይንት አሸዋ ላይ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ግን ማንም ውሃ ውስጥ እንዳይገባ፤ ወደ ውስጥ የሚጎትተው ሞገድ ጎበዝ ዋናተኛም ይወስዳል።

ቅርብ ለሚፈልግ ሌክ ሲቲ አለ። በ1922 ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ ወጣት በፔፒን ሐይቅ ላይ የውሃ ስኪን የጀመረበት ከተማ ነው፣ በጁን መጨረሻም ያንን ያከብራል። ጁን 19 የሚውለው ጁንቲንዝ፣ የአሜሪካ ባርነት ማብቂያ መታሰቢያ፣ ከ2023 ጀምሮ የስቴት በዓል ስለሆነ የመንግሥት ሠራተኞች ዕረፍት ናቸው፤ በየሰፈሩ የሚደረጉትን ዝግጅቶች ለማየት ፈቃድ መጠየቅ አይጠበቅባቸውም።

በጁላይ አራት ርችት በየከተማው ይተኮሳል። በሚኒሶታ ሕግ የሚበርና የሚፈነዳ ርችት ግለሰብ መተኮስ አይችልም፣ ከጎረቤት ስቴት ገዝቶ ማምጣትም አያድንም። በእጅ የሚያዘው ብልጭልጭ ይፈቀዳል፣ ሲነድ ግን አንዳንድ ብረት የሚያቀልጥ ያህል ይግላል፤ ለልጅ አንድ በአንድ እየሰጣችሁ የተቃጠለውን ሽቦ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ አስጥሉ። ከጦርነት አካባቢ በቅርቡ የመጣ ዘመድ ቤታችሁ ካለ ቀኑንና ሰዓቱን ቀድማችሁ ንገሩት፣ ካልወደደው አንድ ሰው ከእሱ ጋር ቤት ይቅር። ካመለጣችሁ ደግሞ ከ1940 ጀምሮ በሚኒያፖሊስ የሚከበረው አኳቴኒያል በጁላይ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የራሱን ርችት ያሳያል።

በዚያው ወር መጨረሻ ሰሜን ጫፍ ላይ ባለችው ኢሊ የብሉቤሪና የጥበብ ፌስቲቫል አለ፤ መንገዱ አራት ሰዓት ስለሆነ ማደር ለማይችል አንመክርም። ኒስዋ ላይ በሰመር ረቡዕ ረቡዕ የኤሊ ውድድር ይካሄዳል፣ ልጆች ትንሽ ከፍለው ኤሊ ይከራያሉ። በኦገስት መጨረሻ ባርንስቪል ላይ የድንች በዓል አለ።

ዕድሜያቸው ከአራት በታች የሆኑ ልጆች ብቻ ካሏችሁ ምክራችን ስቴት ፌርን ለሌላ ዓመት ማቆየት ነው። በምትኩ በኦገስት ኦዋቶና ወደሚካሄደው የስቲል ካውንቲ ፍሪ ፌር ሂዱ። ከሚኒያፖሊስ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው፣ እንደ ስሙ መግቢያው ነፃ ነው፣ ላምና በጉ፣ መጫወቻውና ምግቡ ሁሉ ልጅ በማያደክም ርቀት ላይ ነው።

ሦስተኛ፦ ስቴት ፌርን እንደ አንድ የሥራ ቀን አቅዱት

የሚኒሶታ ስቴት ፌር በ1859 ተጀምሮ ከ1885 ወዲህ አሁን ባለበት በፋልከን ሃይትስ ይካሄዳል። ቦታው 322 ኤከር፣ ማለትም ከሦስት ጋሻ የሚበልጥ መሬት ነው። በ2019 በ12 ቀን ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ገብቶበታል። እንዲህ ያለ ቦታ “ሄደን እናየዋለን” ተብሎ አይገባበትም።

ትኬት። ፌሩ ሳይከፈት በቅናሽ የሚሸጠውን ግዙ። ዕድሜያቸው 4ና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች አይከፍሉም። ለአዛውንትና ለልጆች ቅናሽ የሚደረግባቸው ቀናት አሉ፣ የላይብረሪ ካርድ ለሚያሳይም ቅናሽ ያለበት ቀን አለ። ትኬቱን ከመግዛታችሁ በፊት ቀኑን አረጋግጡ።

መጓጓዣ። መኪናችሁን ወደ በሩ ይዛችሁ አትሂዱ። በከተማው ዙሪያ መኪና በነፃ የሚቆምባቸው፣ ከዚያም በነፃ አውቶቡስ የሚያደርሱ ቦታዎች አሉ። ሰንበት ላይ ረፋዱ ሳይደርስ ስለሚሞሉ በጠዋት ተገኙ። መኪና ለሌለው የሜትሮ ትራንዚት ኤ ላይን በስኔሊንግ ጎዳና በፌሩ ደጅ ያልፋል፤ በግሪን ላይን የሚመጣ ስኔሊንግ ላይ፣ በብሉ ላይን የሚመጣ 46ኛው ጎዳና ላይ ወርዶ ይይዘዋል። በፌሩ ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች ሣራቸው ላይ መኪና እያስቆሙ ያስከፍላሉ፣ ያም ይሠራል፤ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። መንገድ ዳር የምታቆሙ ከሆነ ግን ምልክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ በእነዚያ ቀናት መኪና ተጎትቶ መገኘት የተለመደ ነው።

የቀኑ አካሄድ። በሩ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይከፈታል። ሕንፃዎቹ ዘግየት ብለው ስለሚከፈቱ የመጀመሪያውን ሰዓት ለቁርስና ለከብቶቹ በረት አድርጉ። ጠዋት ከብቱ ይታጠባል፣ ይበጠራል፣ ጸጉሩ በማድረቂያ ይነፋል፤ ባለቤቶቹም ሥራ ላይ ሆነው ጥያቄ መመለስ ይወዳሉ። ልጆቻችሁ ወተት ከካርቶን የሚወጣ እንዳይመስላቸው እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከዚያ ጥጃ፣ ግልገልና የአሳማ ግልገል ሲወለዱ በቀጥታ ወደሚታይበት ማዕከል ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ወረፋው አያስጠጋም። በሬ ጠምደው ያረሱ አያት እዚህ አስተርጓሚ ሳያስፈልጋቸው ነገሩን ለልጅ ልጆቻቸው ያስረዳሉ።

ረፋድ ላይ ወደ ወተት ተዋጽኦ ሕንፃ ግቡ። ከመስታወት በተሠራና ቀስ እያለ በሚዞር ማቀዝቀዣ ውስጥ ካፖርትና ጓንት ያደረገች ወጣት ተቀምጣ፣ ፊት ለፊቷ 90 ፓውንድ፣ ማለትም 40 ኪሎ ያህል የሚመዝን ቅቤ ቆሟል። ቀራፂው በሽቦና በቢላ ፊቷን ከቅቤው ያወጣል። ሥራው ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ጠዋት ያዩት ድፍን ቅቤ ማታ አፍንጫና ፈገግታ አውጥቶ ይገኛል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ጎብኙት፤ አንዴ ረፋድ፣ አንዴ ልትወጡ ስትሉ። ባህሉ ከ1965 ጀምሮ ያለ ነው። ለጸጉር ለጋ ቅቤ ለምናውቅ ሰዎች ያ ሁሉ ቅቤ ሳያስደንቅ አይቀርም።

ፀሐይዋ ስትከር፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጣሪያ ሥር ሁኑ። በእርሻና አትክልት ሕንፃ ውስጥ ከዘር ብቻ የተለጠፉ ሥዕሎች አሉ፤ ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ጥላው ከጥቁር ዘር፣ የፊቱ ቀለም ከስንዴና ከማሽላ ነው። የሚጋልቡ መጫወቻዎችን ለመጨረሻ አቆዩ። ልጅ አስቀድሞ ከገባባቸው ሌላ ነገር አያይም፣ ገንዘቡም እዚያው ያልቃል። ለትናንሾች ኪድዌይ የተባለው ለብቻው አለ።

መውጫ ሰዓታችሁን ከቤት ወስኑ። ከጠዋት ጀምሮ የቆመ የስድስት ዓመት ልጅ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ያበቃለታል። ሌበር ደይ ዕለት ደግሞ ፌሩ ከሌላው ቀን ቀደም ብሎ ይዘጋል።

አራተኛ፦ ምግቡ

ወደ ስቴት ፌር ምግብና አልኮል ያልሆነ መጠጥ ይዞ መግባት ይቻላል፤ ይህን ባለማወቅ ብዙ ብር ይወጣል። ዋናውን ምሳ ከቤት ያዙ፣ እዚያ የሚገዛው ለመቅመስ ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ “ሁለት ነገር ትመርጣለህ” ማለት ክርክሩን ቤት ያስቀረዋል። አንዱን ሳህን ለሦስት መካፈልም የፌሩ ወግ ነው።

የሚበላሸውን አስቡ። ፍርፍር ለእንዲህ ያለ ቀን አይሆንም፣ ይፈስሳል፣ ይሸታል። ደረቅ ያለ እንጀራ ላይ ወፍራም ምስር ወይም ጎመን ቀብታችሁ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ በአራት ጣት ልክ ቆራርጣችሁ በፎይል ያዙ። አምባሻ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቀኑን ሙሉ አይጎዱም። ዶሮ፣ ሥጋ ወይም አይብ ካለ በበረዶ ቦርሳ ይሁን፤ ከበረዶ ውጭ ሁለት ሰዓት፣ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው።

ለጾመኛ ዋናው ወጥመድ የተጠበሰው በቆሎ ነው። የጾም ይመስላል፣ ግን ተጠብሶ ሲያልቅ እንዳለ ቀልጦ በቀረበ ቅቤ ውስጥ ይነከራል። ከመነከሩ በፊት “ያለ ቅቤ” በሉ፤ ከተነከረ በኋላ መመለሻ የለውም። ድንች ጥብስ ስትገዙ በዚያው ዘይት አይብና ሥጋ ይጠበስ እንደሆነ ጠይቁ። በሊጥ ተጠቅልሎ በዱላ የሚሸጠው ቋሊማ፣ በዚህ ፌር ከ1947 ጀምሮ ያለው ፕሮንቶ ፓፕ፣ ውስጡ የምን ሥጋ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትግዙ፤ የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይህ ሁልጊዜ የሚጠየቅ ነው። ሐላል ለሚፈልግ ቤተሰብ ምሳን ከቤት መያዝ ከሁሉ የቀለለ መንገድ ነው።

ውሃ ለአዋቂ በሚራመድበት ሰዓት ሁሉ ግማሽ ሊትር ያህል አስቡ። ልጅ “ጠማኝ” እስኪል አትጠብቁ፣ በየሃያ ደቂቃው ጥቂት ጉንጭ ስጡት። ባዶ ኮዳ ይዛችሁ እዚያው መሙላት ሸክም ያቀልላል።

አምስተኛ፦ ልጅ ሲጠፋ፣ ሰማይ ሲጠቁር

ጠዋት ከመኪና እንደወረዳችሁ የእያንዳንዱን ልጅ ሙሉ ቁመት ፎቶ አንሡ። ልጅ ሲጠፋ የቀሚሱን ቀለም የሚያስታውስ ወላጅ ጥቂት ነው። ስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ ብዕር ክንዱ ላይ ጻፉ። ከሁሉ በላይ ግን ስማችሁን አስጠኑት። “እማዬ ማን ትባላለች?” ሲባል “እማዬ” ብሎ የሚመልስ ልጅ ብዙ ነው። እኛ ዘንድ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ነው፣ እናት ደግሞ የራሷ አባት ስም አላት፤ በመታወቂያዋና በልጁ ስም መካከል አንድም የሚገጥም የለም። ልጁን ያገኘው ፖሊስ ይህን ላያውቅ ስለሚችል የልደት ምስክር ወረቀቱን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙ። እንግሊዝኛ ለማይችሉ አያትም ስም፣ አድራሻና ሁለት ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ኪሳቸው ውስጥ ይግባ። የመገናኛ ቦታ ስትመርጡ “ትልቁ ዛፍ ሥር” አይሁን፣ አንድ ብቻ የሆነ ነገር ይሁን፤ ለምሳሌ ግዙፉ የመንሸራተቻ ማማ።

የሰመር ማዕበል በሚኒሶታ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል። ስልካችሁ ላይ “ዋች” ከመጣ ቶርኔዶ ሊፈጠር የሚችልበት አየር አለ ማለት ነው፣ መጠለያውን ከወዲሁ እወቁ። “ዋርኒንግ” ከመጣ ታይቷል ወይም በራዳር ተገኝቷል፣ ወዲያው ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ ከመስኮት ራቁ። ድንኳንና ዛፍ መጠለያ አይደሉም። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሐይቅ አትመለሱ። አዲስ የመጡ ዘመዶች ማወቅ ያለባቸው ሌላ ነገር፦ በወሩ የመጀመሪያው ረቡዕ ከሰዓት ሰባት ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ አንድ ሰዓት፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ለሙከራ ይጮኻል። ሰማዩ ጥርት ካለ የሚያስደነግጥ አይደለም።

ከጫካና ከረጅም ሣር ስትመለሱ መዥገር ፈልጉ። እዚህ ያለው ትንሹ መዥገር ላይም የተባለ በሽታ ያስተላልፋል፣ መጠኑም የሰሊጥ ፍሬ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ እምብርት፣ ከጉልበት ጀርባና በጸጉር ሥር ፈትሹ፤ ሹሩባ የተሠሩ ልጆች ላይ መስመር በመስመር። ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው ድረስ ተጠግቶ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ቅቤ መቀባትና በእሳት መተኮስ ያባብሰዋል። ቦታው ላይ በቀናት ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ከታየ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ፌሩ ሲዘጋ እንቁጣጣሽ በር ላይ ነው፤ በ2026 በሌበር ደይና በሴፕቴምበር 11 መካከል አራት ቀን ብቻ ነው ያለው። በዚያ ሰሞን በሐይቆቹ ረግረግ ዳር የሚፈካው ቢጫ አበባ የአደይ አበባ የሩቅ ዘመድ ነው፣ በአንድ የዕፅዋት ወገን ይመደባሉ። ልጆቹ ባዩት ቁጥር መቅጠፍ ይፈልጋሉ፤ በስቴቱ ፓርኮች ውስጥ አበባ መቅጠፍ ክልክል ስለሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ለበዓሉ ጠዋት የሚሆን ቢጫ አበባ ዋዜማው ከመድረሱ በፊት ባለው ቅዳሜ ከገበሬዎች ገበያ በእቅፍ ይገኛል።